ከሚዛኑ አጠገብ የሚቆመው ማን ነው?

መለካትና ማወቅን አንድ አድርጎ ማሰብ የዘመናችን ልማድ ነው። ቁጥር የተሰጠው ነገር እንደ ታወቀ፣ ያልተሰጠው ደግሞ ገና በጨለማ እንዳለ ይቆጠራል። ይህን ልማድ ለመመርመር የሚሻ ሰው በሰሜን ሕንድ፣ በፑንጃብ ክፍለ ግዛት፣ በሉዲያና አውራጃ የምትገኘው ኻና የተባለች የእርሻ ከተማ ትበቃዋለች። ኻና እህል የሚመዘንባት ከተማ ናት፤ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ደግሞ በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ለሳይንስ ሲባል ሰው ተቆጥሮባታል። ሁለቱ ልኬቶች የተካሄዱት በአንድ አፈር ላይና በአንድ ሕዝብ መካከል ሆኖ ሳለ ያስገኙት እውቀት ግን እጅግ የተራራቀ ነው፤ ልዩነቱም ከመሣሪያዎቹ ጥራት የመጣ ሳይሆን፣ ሚዛኑ በሚነበብበት ጊዜ ባለጉዳዩ ራሱ የት ቆሞ ነበር ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ይመስላል። በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኻና የሜዳ ከተማ ናት። ግራንድ ትራንክ የተባለው ጥንታዊ ጎዳናና ከዴልሂ ወደ አምሪትሳር የሚያመራው የባቡር ሐዲድ ያልፉባታል፤ በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር 128 ሺህ ያህል ነበር፤ ይህም በሕንድ ዘንድ ትንሽ ከተማ ያሰኛታል። በዙሪያዋ ያለው መሬት በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጨዳል፤ ራቢ በሚባለው የብርድ ወራት እርሻ ስንዴ በጥቅምትና በኅዳር ተዘርቶ በሚያዝያ ይሰበሰባል፤ ኻሪፍ በሚባለው የዝናብ ወራት እርሻ ደግሞ የሩዝ ችግኝ በሰኔ ተተክሎ በጥቅምት ይታጨዳል። ከተማዋ ከሌሎች የአካባቢው ከተሞች የምትለየው በእህል ገበያዋ ነው፤ በእስያ ትልቁ የእህል ገበያ ተብሎ በየጋዜጣው ይጠራል። ትልቅነቱ በምን እንደ ተለካ፣ በስፋቱ ይሁን በሚገባበት እህል ብዛት ወይም በነጋዴዎቹ ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ አይነገርም፤ ኑሮዋ በሚዛን ላይ የቆመ ከተማ ዝናዋን ያለ ሚዛን መቀበሏ ፈገግ የሚያሰኝ ነው።

ገበያው በአገሩ ቋንቋ ማንዲ ይባላል። ማንዲ ሻጭና ገዥ እንደ ዕድላቸው የሚገናኙበት ሜዳ ሳይሆን፣ በ1961 በወጣው የፑንጃብ የግብርና ምርት ገበያዎች ሕግ የሚተዳደር፣ የራሱ ኮሚቴ ያለው፣ ቀረጥ የሚከፈልበትና መሬቱ የተነጠፈ ሰፊ አደባባይ ነው። ገበሬው እህሉን በትራክተር ተጎታች ጭኖ ይመጣና ደንበኛው በሆነ ነጋዴ ሱቅ ፊት ያፈስሰዋል። ክምሩ ይናፈሳል፣ ይበጠራል፣ እርጥበቱ በመሣሪያ ይለካል፤ ያልተፈተገ ሩዝ ከሆነና እርጥበቱ ከመቶ 17 እጅ ከበለጠ የመንግሥት ገዥ ስለማይቀበለው ገበሬው እስኪደርቅለት ድረስ ከክምሩ አጠገብ ይሰነብታል። ከዚያ በኋላ ዋጋው በይፋ ይጠራል፤ እህሉ በጆንያ እየተሞላ ይመዘናል፤ ጆንያው ይሰፋና ወደ መጋዘን ይጫናል።

ዋጋው ራሱ የጨረታ ብቻ ውጤት አይደለም። የሕንድ የምግብ ኮርፖሬሽንና የግብርና ዋጋ ኮሚሽን በ1965 ከተቋቋሙ ወዲህ መንግሥት ለስንዴና ለሩዝ ዝቅተኛ የድጋፍ ዋጋ የሚባለውን ያውጃል፤ ይኸውም የገበያው ዋጋ ቢወድቅ እንኳ የመንግሥት ድርጅቶች በዚያ ዋጋ እንደሚገዙ የሚሰጥ ዋስትና ሲሆን፣ ለ2025 ስንዴ በኩንታል 2425 ሩፒ ነበር። ይህ ዋስትና የተሰጠው በታወቀ ምክንያት ነው። ሕንድ በ1960ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ደርሶባት ከአሜሪካ በሚመጣ ስንዴ ትኖር ነበር፤ በ1966 ከሜክሲኮ 18 ሺህ ቶን የስንዴ ዘር ገዝታ አስገባች፤ አገዳው አጭር በመሆኑ ማዳበሪያ ቢበዛለትም የማይጋደመው ይህ ዘር በሉዲያና በ1962 በተቋቋመው የግብርና ዩኒቨርሲቲ እጅ ከአገሩ አየርና አፈር ጋር ተላመደ። አረንጓዴው አብዮት የተባለው ለውጥ ፑንጃብን የአገሪቱ ጎተራ ሲያደርጋት፣ የኻና ማንዲ ደግሞ ከጎተራው በሮች አንዱ ሆነ።

በማንዲው ውስጥ ቁጥር የሚገኝበት መንገድ ጠለቅ ብሎ ሊታይ ይገባዋል። ገበሬው ወደ ሚዛኑ የሚመጣው ባዶ አእምሮ ይዞ አይደለም፤ ከየትኛው ማሳ ምን ያህል እንደሚወጣ፣ ዝናቡ መቼ እንደ ጎዳው፣ ተጎታቹ ስንት ኩንታል እንደሚይዝ አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ሚዛኑ የሚናገረው ቁጥር ቀድሞ ከነበረ እውቀት ጋር ይገናኛል፤ ካልተስማማ ገበሬው ይጮኻል፣ ጆንያው እንደገና ይመዘን ይላል፣ ጎረቤቱን ምስክር ይጠራል። ሚዛኑ ሊያጭበረብር መቻሉ ማንንም አያስገርምም፤ የማንዲው ደንብ ሁሉ የተሠራው ሊያጭበረብር ይችላል ከሚል ጥርጣሬ ነው። ልኬቱን የታመነ የሚያደርገው ሊከራከረው የሚችል ሰው ከአጠገቡ መኖሩ ነው። ፈላስፎች ስለ እውነት ሲከራከሩ ሐሳቡ ከነገሩ ጋር መስማማቱን እንዴት ማወቅ እንደሚቻል ይጠይቃሉ፤ የኻና ገበያ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ትሑት ቢሆንም የሚናቅ አይደለም፤ ቁጥሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ሰው ባለበት ይነበብ የሚል ነው።

በዚህ ሥርዓት መካከል አርህቲያ የሚባለው ሰው ይገኛል። አርህቲያ በኮሚሽን የሚሠራ ደላላ ነው፤ የገበሬውን እህል ተቀብሎ ያስበጥራል፣ ያስመዝናል፣ ለገዥው ያስረክባል፤ ለዚህም ለብዙ ዘመን ከድጋፍ ዋጋው ከመቶ 2.5 እጅ ሲያገኝ ኖሯል። ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለልጅ ሰርግ፣ ለሕክምና ገንዘብ የሚያበድረውም እርሱ ነው፤ ወለዱም ከባንክ ወለድ የሚከብድ በመሆኑ በአማርኛ አራጣ ቢባል አይበዛበትም። በወረቀት ላይ ሲታይ በዝባዥ ነው፤ ብዙ ጊዜም በተግባር እንዲሁ ነው። ሆኖም ሌሊት በሩ ሲንኳኳ የሚከፍት፣ መያዣ ሳይጠይቅ የአባትን ስም ይዞ ብቻ የሚያበድር፣ የተበዳሪውን ማሳ በዓይኑ የሚያውቅ አበዳሪ እርሱ ነው። ከ2021 ጀምሮ የእህሉ ዋጋ በአርህቲያው እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ገበሬው የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ተደርጓል፤ ይህም በጎ እርምጃ ነው፤ የአርህቲያው ሱቅ ግን አልተዘጋም፣ የብድሩም መዝገብ አልተዘጋም።

ይህ ካልታሰበ በ2020 የሆነው ነገር እንቆቅልሽ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ዓመት በሴፕቴምበር ወር የሕንድ ፓርላማ ሦስት የእርሻ ሕጎችን አጸደቀ፤ ከእነርሱ አንዱ ማንኛውም ነጋዴ ከማንዲው ክልል ውጭ፣ የማንዲውን ቀረጥ ሳይከፍል፣ ከገበሬው ጋር በቀጥታ እንዲገበያይ ይፈቅዳል። የሕጉ ደጋፊዎች ገበሬው ከደላላ ነጻ ይወጣል አሉ። ነጻ ይወጣል የተባለው የፑንጃብ ገበሬ ግን ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ትራክተሩን አስነሥቶ ወደ ዴልሂ ዳርቻ፣ ወደ ሲንጉና ቲክሪ ሄዶ በመንገድ ላይ ሰፈረ፤ ብርዱንና ሐሩሩን እዚያው አሳልፎ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በ19 ኖቬምበር 2021 ሕጎቹ እንደሚሻሩ እስኪያስታውቁ ድረስ አልተነሣም። ባለዕዳው አበዳሪውን ደግፎ ሲሰለፍ የተመለከቱ አንዳንድ ምሁራን ገበሬው ጥቅሙን አያውቅም ብለው ደመደሙ። የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ ክርክር ከንቱ አልነበረም፤ ማንዲው በእርግጥ ውድ፣ በቅርብ ወዳጅነት የተጠላለፈና ለውጥን የሚፈራ ተቋም ነው። የገበሬው ሥጋት ግን ሌላ ነበር። ቀረጥ የማይከፍለው የውጭ ንግድ ማንዲውን ቀስ በቀስ ካደረቀው የድጋፍ ዋጋው የሚጠራበት አደባባይ ይጠፋል፤ አደባባዩ ሲጠፋ ሚዛኑ ወደ ኩባንያው ግቢ ይገባል፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ገበሬው እንግዳ ነው። ክፉ ቢሆንም ፊቱ የሚታይ ደላላ መልክ ከሌለው ውል ይሻላል ብሎ የፈረደ ሰው ጥቅሙን አያውቅም ለማለት ያስቸግራል።

ይህ ማለት ግን ማንዲው የፍትሕ አደባባይ ነው ማለት አይደለም። ጆንያውን የሚሞላው፣ የሚሰፋውና ተሸክሞ የሚጭነው የቀን ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከቢሃርና ከኡታር ፕራዴሽ የመጣ ስደተኛ ነው፤ የሚከፈለውም በሚያነሣው ጆንያ ቁጥር ነው። ከፑንጃብ ሕዝብ ከመቶ 32 እጅ የሚሆነው ዳሊት ከሚባሉት፣ በካስት ሥርዓት፣ ማለትም በትውልድ በሚወረስ የማኅበራዊ ደረጃ ሥርዓት፣ ከታች ከተደረጉት ወገኖች ሲሆን፣ ከእነዚህ አብዛኞቹ መሬት የላቸውም። መሬት የሌለው ክምር የለውም፤ ክምር የሌለው ደግሞ ከሚዛኑ አጠገብ ቢውልም ቁጥሩ የእርሱ ጉዳይ ተደርጎ አይታይም። የማንዲው ሚዛን ለባለርስቱ አንደበት ይሰጣል፤ ለተሸካሚው አይሰጥም።

ሁለተኛው ልኬት የሰው ቆጠራ ነው። በሥነ ሕዝብ ታሪክ የኻና ጥናት እየተባለ የሚጠራው ምርምር የተጀመረው በ1953 ሲሆን የመስክ ሥራው እስከ 1960 ድረስ ቆይቷል። የመሩት የሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ባልደረቦች ጆን ዋዮንና ጆን ጎርደን ነበሩ፤ በሉዲያና ያለው ክርስቲያናዊ የሕክምና ኮሌጅ አብሯቸው ሠርቷል፤ የሮክፌለር ፋውንዴሽንም በገንዘብ ረድቷል። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ የወሊድ መከላከያ በቀላሉ ለመንደር ሰዎች ቢቀርብላቸው የልደቱ መጠን ይቀንስ እንደ ሆነ ለማወቅ ነው። የጥናቱ ሠራተኞች በተመረጡት መንደሮች በየቤቱ እየዞሩ ልደትን፣ ሞትንና ጋብቻን መዘገቡ፤ ለባልና ሚስቶችም አረፋ የሚሠራ የመከላከያ እንክብል አደሉ፤ እንክብል ያልታደለባቸው ሌሎች መንደሮች ደግሞ ለማነጻጸሪያ ተያዙ። ብዙ ሰዎች እንክብሉን መቀበላቸው በመዝገቡ ላይ ሰፈረ። ይሁን እንጂ ውጤቱ ሲታይ በሁለቱ ወገን መንደሮች መካከል ሊጠቀስ የሚገባው የልደት ልዩነት አልተገኘም፤ በኋላ የታየው መጠነኛ ቅነሳም በዋነኛነት ልጃገረዶች ዘግይተው ማግባት በመጀመራቸው የመጣ ነበር።

ጥናቱን በዚህ ብቻ መንቀፍ ሚዛናዊ አይሆንም። ዋዮንና ጎርደን ያሰባሰቡት የሕፃናት ሞት መዝገብ ለዘመኑ ብርቅ የሆነ ጥንቃቄ ያለበት ነው፤ ጡት በሚጥሉበት ዕድሜ ሕፃናትን የሚገድለው ተቅማጥ ከምግብ እጥረት ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር ለዓለም የሕክምና ሰዎች በማሳየት ረገድም የኻና መንደሮች ድርሻ አላቸው። ሞት ሲቆጠር ቁጥሩ እውነት ተናገረ። እንክብል ሲቆጠር ግን ቁጥሩ ሌላ ነገር ሆነ፤ የዚህ ልዩነት ምክንያት ምርመራ ያሻዋል።

ምርመራውን የጀመረው ማሕሙድ ማምዳኒ ነው። በካምፓላ ያደገው፣ የዘር ሐረጉ ከሕንድ የሚመዘዘው ይህ ምሁር ገና ወጣት ሳለ ከጥናቱ መንደሮች አንዷ ወደ ሆነችው ወደ ማኑፑር ሄዶ የተቆጠሩትን ሰዎች ጠየቃቸው። የመንደሩ ሰዎች እንክብሉን የተቀበሉት በይሉኝታ ነበር፤ ከሩቅ አገር የመጣን፣ በትሕትና የሚናገርን እንግዳ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ተቀብሎ አለመጠቀም ግን ማንንም አያስቀይምም። ከመካከላቸው አንዱ የእንክብሉን ሣጥኖች እየደራረበ ለቤቱ ጌጥ ሠርቶባቸዋል። በ1972 በታተመው መጽሐፉ ማምዳኒ ያቀረበው ክርክር የጥናቱን መሠረት የሚነካ ነው፤ የመንደሩ ሰው ድኻ የሆነው ልጅ ስላበዛ አይደለም፣ ልጅ የሚያበዛው ድኻ ስለ ሆነ ነው ይላል። ትራክተር ለሌለው፣ ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ለሌለው ገበሬ ልጅ አረም ነቃይ፣ ከብት ጠባቂ፣ ከተማ ሄዶ ገንዘብ የሚልክና ለእርጅና ዘመን ጧሪ ነው፤ ይህን እጅ ቀንስ ማለት ማሳህን ተው ከማለት አይለይም። እግረ መንገድ ሊነሣ የሚገባው ነገር አለ፤ መጽሐፉ በታተመበት በዚያው ዓመት ኢዲ አሚን እስያውያንን ከኡጋንዳ ሲያባርር ማምዳኒም አብሮ ተባረረ፤ ስለ ተቆጠሩ ሰዎች የጻፈው ሰው ራሱ በመዝገብ ላይ በሰፈረ የዘር መደብ ምክንያት አገር አጣ።

በማኑፑር የጎደለው ትክክለኛ መሣሪያ አልነበረም፤ መዝገቡ በጥንቃቄ ተሞልቷል፣ ስሌቱም አልተሳሳተም። የጎደለው በማንዲው ያለው ጩኸት ነው። የመንደሩ ሰው ቁጥሩን አይቶ ይህ የእኔ አይደለም፣ እንደገና ይመዘን የሚልበት ቦታ አልነበረውም፤ ስለዚህ በሌላ መንገድ፣ እሺ ብሎ ባለማድረግ፣ መለሰ። የሞተ ሕፃን ይሉኝታ አያውቅምና ሞቱ ተመዘገበ፤ ሕያው ሰው ግን ለጠያቂው ፊት ሲል የሚሰጠው መልስ አለው፤ ቅጹም ያንን መልስ ከእውነቱ የሚለይበት ዓምድ አልነበረውም።

ማምዳኒም ከትችት የሚያመልጥ አይደለም። ክርክሩ ለጊዜው ትክክል ቢሆንም የለውጡን ፍጥነት አላየም። በሚቀጥሉት አሠርት ዓመታት ኮምባይነርና ፀረ አረም መድኃኒት የልጅን እጅ ከማሳው ሲያስወጡ፣ ርስት ለብዙ ወንድሞች ተከፋፍሎ ሲያንስ፣ የፑንጃብ ልደት ማንም እንክብል ሳያድል ወረደ፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 የተካሄደው አገር አቀፍ የቤተሰብ ጤና ጥናት እንዳሳየው አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው አማካይ የልጅ ቁጥር 1.6 ደርሶ ነበር። የልጅ ቁጥር ሲያንስ ግን ወንድ ልጅ የማግኘት ፍላጎት አብሮ አላነሰም። በእርግዝና ጊዜ የጽንስን ጤና ለማየት የመጣው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ጾታን ለይቶ ሴቶቹን ለማስወገድ ዋለ፤ ሕንድ ይህን በ1994 ሕግ አውጥታ ብትከለክልም በ2001 ቆጠራ ዕድሜያቸው ከ0 እስከ 6 ዓመት ከሆኑ የፑንጃብ ሕፃናት መካከል ለ1000 ወንዶች የነበሩት ሴቶች 798 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ወደ 846 ከፍ ብሏል። የኻና ጥናት አዘጋጆች የተመኙት ትንሽ ቤተሰብ መጣ፤ ከእርሱ ጋር የመጣውን ማንም በዕቅዱ አልጻፈውም። ከሚዛኑ አጠገብ መቆም ቀርቶ ገና ያልተወለደ ባለጉዳይ ላይ የሚደረግ ልኬት ከሁሉ ይልቅ ለፍርድ የሚያስቸግር፣ ከሁሉ ይልቅም ጨካኝ መሆኑን እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይናገራሉ።

ድምፅ የሌለው ሌላም ባለጉዳይ አለ፤ እርሱም ውኃው ነው። የፑንጃብ ሰው በልማዱ የስንዴ ቂጣ የሚበላ እንጂ ሩዝ የሚበላ አይደለም፤ ሩዙን የሚያመርተው መንግሥት ለመላ አገሩ ስለሚገዛው ነው። የሩዝ ማሳ ውኃ መቋጠር አለበት፤ ውኃው ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ ይወጣል፤ የፓምፑ ኤሌክትሪክ ለብዙ ዓመታት ለገበሬው በነጻ ሲሰጥ ኖሯል። እንዲህ ሲሆን በማንዲው የሚመዘነው እያንዳንዱ የሩዝ ጆንያ የማይመዘን የከርሰ ምድር ውኃ ይዞ ከክፍለ ግዛቱ ይወጣል። መንግሥት በ2009 ባወጣው ሕግ የሩዝ ችግኝ ከጁን 10 በፊት እንዳይተከል ከለከለ፤ ማሳው በሐሩሩ ወራት ውኃ እንዳያባክን ነው። ተከላው ሲዘገይ አጨዳው ዘገየ፤ አጨዳው ሲዘገይ በሩዝ አጨዳና በስንዴ ዘር መካከል ያለው ጊዜ ጠበበ፤ ገበሬውም ኮምባይነሩ ቆርጦ የተወውን ገለባ በእሳት ማንደድ ፈጣኑ መንገድ ሆኖ አገኘው፤ ጭሱ በየዓመቱ በኖቬምበር የዴልሂን ሰማይ ከሚያጠቁሩት ምክንያቶች አንዱ ነው። አንዱን ነገር ብቻ ነጥሎ የለካ ሕግ ሌላውን አቃጠለ።

በሕንድ ማዕከላዊ የከርሰ ምድር ውኃ ቦርድ ምዘና መሠረት ከፑንጃብ የግምገማ ክልሎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በየዓመቱ ከሚተካላቸው በላይ ውኃ የሚቀዳባቸው ናቸው። ይህን ቁጥር የሚያነብ የከተማ ሰው ጥፋቱን በገበሬው ላይ ለመጣል ይቸኩላል። ነገር ግን የድጋፍ ዋጋ ለበቆሎና ለጥራጥሬም በየዓመቱ ይታወጃል፤ በማንዲው ለእነርሱ የሚዘረጋው የመንግሥት እጅ ግን ለስንዴና ለሩዝ እንደሚዘረጋው አይደለም፤ ስለዚህ ገበሬው በዝናቡ ወራት ሩዝ የሚተክለው ከሰብሎቹ ሁሉ በእርግጠኝነት የሚገዛለት እርሱ ስለ ሆነ ነው። ገዥው ሌላ ሰብል በእውነት እስኪገዛ ድረስ የኻናን ገበሬ በውኃ አባካኝነት መክሰስ ፍትሕ አይደለም።